በጅማ ለሚጀመር ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ሕጋዊ አደረጃጀት እንዴት ይመረጣል?

ጅማ ውስጥ አምስት ወጣቶች አሉ እንበል። በከተማዋ ዙሪያ ካሉ የደረቅ ቡና መፈልፈያዎች በየወቅቱ ተከምሮ የሚቀረውን ገለፈት ገዝተው ብሪኬት ከሰል፣ ማለትም ተጨምቆ የሚሠራ ከሰል፣ ለማምረት አስበዋል። ከሰሉን ለቡና ቤቶችና ለየመኖሪያ ቤቱ ይሸጣሉ፤ በማምረቻው ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ እስካሁን እንጨት ለቅመው በጀርባቸው ወደ ገበያ በማውረድ የሚተዳደሩ እናቶች ይሆናሉ። ሥራው ማትረፍ አለበት፤ የታሰበው ግን ለትርፍ ብቻ አይደለም። ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ የምንለው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። ወጣቶቹ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይህንን ስም ቢጠሩ ግን መልሶ የሚቀርብላቸው ጥያቄ «በየትኛው ዓይነት ልመዝግባችሁ?» የሚል ይሆናል፤ ከተለመዱት የምዝገባ ዓይነቶች መካከል በዚህ ስም የሚጠራ የለምና።

በመሆኑም እንዲህ ያለ ድርጅት የሚያቋቁም ሰው ለሌላ ዓላማ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን መርጦ ውስጡን ለራሱ ዓላማ እንዲመች አድርጎ መከፋፈል ይኖርበታል። ቤቶቹ በሦስት ሕጎች ሥር ይገኛሉ፦ በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እና በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011። ከዚህ በታች የቀረበው ምርጫው የሚከናወንበት ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ወደ መጨረሻው የሚመጣውን ሥራ፣ ማለትም ስም ማውጣትንና ማኅተም ማስቀረጽን፣ የመጀመሪያ አድርጎ ስለሚጀምር ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት በፊት አንድ ገጽ ይጻፉ

መሥራቾቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለአራት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ይስጡ። መልሱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ሁሉም ይፈርሙበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚመለከት ነው። ከሽያጭ ነው? ከመሥራቾች መዋጮ ነው? ከባንክ ብድር ነው? ወይስ ከለጋሽ ድርጅት? ለእያንዳንዱ ምንጭ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ግምት በብር ይጻፉ። «ከሁሉም» የሚለው መልስ ተቀባይነት የለውም፤ አብዛኛው ከየት እንደሚመጣ መታወቅ አለበት። ለጋሾች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚሰጡት ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ባለሀብት ደግሞ ድርሻ ሊገዛበት በማይችል ድርጅት ላይ ገንዘቡን አያውልም፤ ባንክም ብድሩ በማን ስምና በምን መያዣ እንደሚሰጥ ማወቅ ይፈልጋል። ይህ አንድ መልስ ብቻውን ከምርጫው ግማሹን ያጠናቅቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ለመሥራቾች ይከፋፈላል? ተመልሶ ሥራውን ያሰፋል? ለሌላ የበጎ አድራጎት ተግባር ይውላል? እዚህ ላይ ከጨዋነት የተነሣ እውነቱን የሚሸሽግ ሰው ብዙ ነው። «እኔ ምንም አልፈልግም» ብሎ የጀመረ ወጣት ከሦስት ዓመት በኋላ ትዳር ይዞና ልጅ ወልዶ የልፋቱን ድርሻ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሲመዘገብ የተመረጠው ዓይነት ትርፍ መከፋፈልን የሚከለክል ከሆነ ጥያቄው የሕግ መልስ አያገኝም። ስለዚህ ሁሉም የልቡን በመጀመሪያው ቀን ይናገር።

ሦስተኛው ጥያቄ ተጠቃሚዎቹ በድርጅቱ ውስጥ ምን ዓይነት ቦታ እንዳላቸው ነው። በምሳሌያችን ውስጥ ያሉት እናቶች ደመወዝተኞች ናቸው ወይስ ባለቤቶች? ደመወዝተኞች ከሆኑ ድርጅቱ የወጣቶቹ ነው፤ ባለቤቶች ከሆኑ ደግሞ እናቶቹ ድምፅ አላቸው፣ ሥራ አስኪያጁን ይሾማሉ፣ ሊያነሡትም ይችላሉ። «ለእነሱ የቆምን ነን» የሚል ቡድን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን እያሰበ ሁለተኛውን ይናገራል።

አራተኛው ጥያቄ ማንም ሊያነሣው የማይወደው ነው፦ ብንለያይስ? አንዱ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ አንዱ ቢሞት፣ ሥራው ቢከስር ማሽኑ የማን ይሆናል? ዕዳውስ? አንድ የማውቀው የማር ማቀነባበሪያ ቡድን «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ» እየተባባለ በጥሩ ፍቅር ሥራ ጀምሮ ይህንን ጥያቄ «ክፉ ቃል» ብሎ ዘለለው። ከአባላቱ አንዷ ስትወጣ መዋጮዋን በምን ዋጋ መውሰድ እንዳለባት የሚናገር ወረቀት አልነበረም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ለማለቅ አንድ ሙሉ የማር ወቅት ወሰደ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ «ተደራጅተናል» የሚለውን ቃል ከሕጋዊ ዓይነት ይለዩ

ጅማ ውስጥ ሥራ አጥ ወጣቶች በቀበሌ በኩል ተደራጅተው የማምረቻ ሼድ፣ ሥልጠና ወይም ብድር ሲያገኙ «ኢንተርፕራይዝ ሆንን» ይላሉ። ይሁን እንጂ ጥቃቅን ወይም አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ መሆን በካፒታልና በሠራተኛ ብዛት የሚለካ የመጠን ደረጃ እንጂ ሕጋዊ ዓይነት አይደለም። በዚያ ስም ውስጥ የግለሰብ ንግድ፣ የሽርክና ማኅበር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ድጋፉን ያግኙ፤ ነገር ግን በፈረሙበት ቅጽ ላይ በየትኛው ዓይነት እንደተመዘገባችሁ ተመልከቱ። ብዙ ቡድኖች በጋራ ተጠያቂ የሚያደርጋቸውን የሽርክና ቅጽ ሳያውቁ ፈርመው የሚገኙት እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ስንቄ ባንክ ሆኗል፤ ከእንዲህ ዓይነት ተቋም ብድር ሲጠይቁም የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፦ ተበዳሪው ማን ነው፣ ማንስ ይፈርማል?

እድርና ዕቁብም እንዲሁ ናቸው። ገንዘብ ለማሰባሰብና እርስ በርስ ለመተማመን የሚተካቸው የለም፤ ነገር ግን ከቡና ነጋዴ ጋር የአቅርቦት ውል ለመፈረም የተሠሩ አይደሉም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የማይሆኑትን ዓይነቶች በቶሎ ያስወግዱ

የግለሰብ ነጋዴ ፈቃድ በአንድ ቀን ሊያልቅ የሚችል ቀላል መንገድ ነው። ጉዳቱ ግን የንግዱ ዕዳ ከግል ንብረትዎ ያልተለየ መሆኑ ነው። ምርቱ ገበያ ያገኝ እንደሆነ ለመሞከር ለአንድ ዓመት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ አይመከርም፤ በተለይም ሌሎች ሰዎች ገንዘብ ካዋጡ።

የኅብረት ሽርክና ማኅበር አባላቱን ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ያደርጋቸዋል፣ ማለትም ባለ ዕዳው ከአንዱ አባል ብቻ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል፤ የእሽሙር ማኅበር ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፣ ማለትም በራሱ ስም ውል መፈረምም ንብረት መያዝም አይችልም። ሁለቱንም ይተዉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር በአዲሱ የንግድ ሕግ የገባ ዓይነት ሲሆን ለሙያ አገልግሎት ሰጪዎች የታሰበ ነው። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት መሥራቾችንና 50,000 ብር ካፒታልን ይጠይቃል፤ ቁጥሮቹ የማይደረስባቸው አይደሉም፤ ሆኖም በዳይሬክተሮች ቦርድ፣ በኦዲተርና በጠቅላላ ጉባኤ ሥርዓቱ ክብደት ምክንያት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ካልታሰበ በስተቀር ለጀማሪ ከጥቅሙ ሸክሙ ይበዛል።

ከዚህ ማጣሪያ በኋላ የሚቀሩት ሦስት ናቸው፤ ጊዜዎንም በእነሱ ላይ ያሳልፉ።

አራተኛ ደረጃ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ይመርምሩ

በተለምዶ «ፒ.ኤል.ሲ.» የሚባለው ይህ ዓይነት ከሁለት እስከ ሃምሳ አባላት ሊኖሩት ይችላል፤ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ የሚጠየቁት ባዋጡት መጠን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የራሱን ሐሳብ ይዞ ለወጣ ወጣት ይህ ቀድሞ ያልነበረ በር ነው። በፊት ሰዎች የሁለት አባላትን መስፈርት ለማሟላት ሲሉ ብቻ የእኅታቸውን ወይም የአጎታቸውን ስም ያስገቡ ነበር፤ እነዚያ የስም አባላት በኋላ የውርስ ክርክር ምክንያት ሲሆኑ ታይተዋል።

የዚህ ዓይነት ጥንካሬ ፍጥነቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይወስናል፤ ድርሻ ለአዲስ ባለሀብት ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢዎችና ባንኮች በደንብ ያውቁታል። ብዙዎች በምሳሌነት የሚጠቅሱት የአዲስ አበባው ጠብታ አምቡላንስም ሕይወት የማዳን ዓላማውን በንግድ ድርጅትነት ነው የያዘው። ከዚህ የምንረዳው የንግድ ማኅበር መሆን ማኅበራዊ ዓላማን እንደማይከለክል ነው።

ድክመቱ ደግሞ ሕጉ ዓላማውን የማይጠብቅልዎት መሆኑ ነው። በሕጉ ዓይን የንግድ ማኅበር ትርፍ አግኝቶ ለአባላቱ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። አባላቱ ነገ ተስማምተው እናቶቹን አሰናብተው ማሽኑን ለሌላ ሥራ ቢያውሉት ከልካይ የለባቸውም። እንግሊዝ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ንብረቱ ከማኅበረሰብ ዓላማ እንዳይወጣ በሕግ የሚቆለፍበት የተለየ የኩባንያ ዓይነት አውጥታለች፤ እኛ ዘንድ ይህንን ቁልፍ መሥራቾቹ ራሳቸው በመመሥረቻ ጽሑፋቸው፣ ማለትም ማኅበሩን በሚያቋቁሙበት ሰነድ፣ ውስጥ መሥራት አለባቸው። እንዴት እንደሚሠራ በሰባተኛው ደረጃ ላይ ተመልክቷል።

ግብርን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ይወቁ። የንግድ ማኅበር ከትርፉ ላይ የሚከፍለው የገቢ ግብር 30 በመቶ ነው፤ «ዓላማዬ ማኅበራዊ ነው» ማለት ይህንን አይቀንሰውም። በተጨማሪም ማኅበሩ ሽያጩ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ወጣቶች 15,000 ብሩን ያስቡና የሒሳብ ባለሙያውን ክፍያ ይረሳሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚከፍሉት ግን ከካፒታሉ ሊበልጥ ይችላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበርን ይመርምሩ

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ «እናቶቹ ባለቤቶች ናቸው» ብላችሁ ከመለሳችሁ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ይህ መሆን አለበት። የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱ ነው፤ አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ ክፍት ነው፤ ትልቅ ድርሻ ያለውም ትንሽ ድርሻ ያለውም ያው አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ይህ ድንጋጌ ሀብታሙ ድሀውን እንዳይውጥ ያደርጋል። በሌላ በኩል ደግሞ 200,000 ብር ይዞ የመጣ ባለሀብት ከድምፁ በላይ ማግኘት ስለማይችል ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ስለ ኅብረት ሥራ የጅማን ሰው ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከተቋቋመበት ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬዎች በመሠረታዊ ማኅበራት፣ ማኅበራቱም በዩኒየን ተያይዘው ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ለምደዋል። ከጅማ በስተምዕራብ በምትገኘው በአጋሮ የካታ ሙዱጋ ዩኒየን አለ፤ በጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር ቀዳሚ ሆኗል። ቀደም ሲል የጀንፈል ቡናውን በርካሽ ለመንደር ነጋዴ ይሸጥ የነበረ ገበሬ የራሱ እሸት ቡና መፈልፈያ ኖሮት ለጥራት የሚከፈለውን ዋጋ ራሱ ሲያገኝ ማየት፣ ይህ አደረጃጀት የሚሠራበትን ምክንያት ያሳያል፦ አባላቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ምርት አላቸው፣ ችግራቸውም አንድ ነው፣ ብቻቸውን ቢሆኑ የመደራደር አቅም አልነበራቸውም።

ይህንን ምክንያት ለራስዎ ሥራ መፈተኛ ያድርጉት። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚቀርጹ ባለሙያዎች በአንድ ላይ እንጨት ቢገዙና በአንድ ሱቅ ቢሸጡ ፈተናውን ያልፋሉ። የማር አምራች ሴቶችም ያልፋሉ። አምስት ምሩቃን የሞባይል መተግበሪያ ሠርተው ለጤና ጣቢያዎች ቢሸጡ ግን አያልፉም፤ ለእነሱ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሰው ልብስ ነው።

የከሰል አምራቾቻችን ጉዳይ መሐል ላይ ነው። እናቶቹ በእውነት ማስተዳደር ከፈለጉና ወጣቶቹ የሥራ አስኪያጅነትና የቴክኒክ ሠራተኝነት ቦታ ከበቃቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይስማማቸዋል። ወጣቶቹ ሐሳባቸውንና ንድፋቸውን ለእናቶቹ ድምፅ አሳልፈው ለመስጠት ካልተዘጋጁ ግን በስም ብቻ ማኅበር አቋቁመው እናቶቹን የጣት አሻራ ሰጪ ባያደርጓቸው ይሻላል። ይህን ስል በግምት አይደለም፤ የአባላት መዝገቡ ረዥም፣ የጉባኤው ተሰብሳቢ ግን ሦስት ሰው የሆነበትን ማኅበር አይቻለሁ።

ግብርን በሚመለከት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከትርፍ ግብር ነፃ የመሆን ማበረታቻ ለረዥም ጊዜ ሲሰጣቸው ቆይቷል፤ አባላት ግን በሚደርሳቸው የትርፍ ድርሻ ላይ ግብር ይከፍላሉ። ምዝገባው በንግድ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በኅብረት ሥራ ማደራጃ በኩል ነው። ማደራጃው የአዋጭነት ጥናት፣ የመሥራቾች ስብሰባ ቃለ ጉባኤና መተዳደሪያ ደንብ ይጠይቃል፤ ለሥራ ዓይነታችሁ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የመሥራቾች ቁጥርም እዚያው በመጀመሪያው ጉብኝት ይጠይቁ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትን ይመርምሩ

ለመጀመሪያው ጥያቄ «አብዛኛው ገንዘብ ከለጋሾች ነው»፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ትርፍ ለማንም አይከፋፈልም» ብላችሁ ከመለሳችሁ ወደዚህ ይምጡ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከእሱ በፊት ከነበረው ከ2001 ዓ.ም. አዋጅ በጣም የተለየ ነው፤ ለማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ዋናው ልዩነት ድርጅቱ ገቢ በሚያስገኝ ማንኛውም ሕጋዊ ሥራ ላይ እንዲሰማራ በግልጽ መፈቀዱ ነው። ድርጅቱ የራሱን ኩባንያ ማቋቋም፣ በሌላ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ መግዛት ወይም ንግዱን ራሱ ማካሄድ ይችላል። ለዚህ የተለየ የባንክ ሒሳብና የተለየ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ሕጎችን እንደማንኛውም ነጋዴ መከተል ይጠበቅበታል። የሚገኘው ገቢ ለድርጅቱ ዓላማና ለአስተዳደር ወጪ ይውላል እንጂ ለአባላት ጥቅም አይተላለፍም። ድርጅቱ ሲፈርስም ንብረቱ ወደ መሥራቾቹ አይመለስም፤ ተመሳሳይ ዓላማ ወዳለው ድርጅት ይተላለፋል። እንግሊዞቹ በልዩ ኩባንያቸው ያመጡት ቁልፍ እዚህ በሕጉ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል ማለት ነው።

በመሥራቾች ብዛት ረገድ በማኅበርነት ለመመዝገብ ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ በቦርድ የሚመራ ድርጅትን ግን ሁለት መሥራቾች ሊያቋቁሙት ይችላሉ። ሁለት ገደቦችን ይያዙ። የመጀመሪያው የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ መደንገጉ ነው፤ ስለዚህ በጀት ሲሠሩ የትኛው ደመወዝ የአስተዳደር፣ የትኛው የፕሮግራም ወጪ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይለዩት። ሁለተኛው የሥራ ክልል ነው። የፌዴራሉ አዋጅ የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ፣ ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩ እንዲሁም የውጭ ድርጅቶችን ነው። በጅማና በአካባቢዋ ብቻ ለመሥራት የሚያስብ ቡድን ጉዳዩ የክልሉ ነው። ከለጋሽ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ይህንን ይወስኑ፤ ነገ ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ሚዛን ልትሰፉ ካሰባችሁ የክልል ድንበር እንደምትሻገሩ አትርሱ።

ይህንን ዓይነት «ግብር ስለማይከፈልበት» ብለው የሚመርጡ አሉ። ስሌቱ የተሳሳተ ነው፤ ከንግዱ የሚገኘው ትርፍ የግብር ሕጉን ይከተላል፤ ደግሞም ትርፉን ለራስዎ መውሰድ ካሰቡ ዓይነቱ ከመጀመሪያውም የእርስዎ አልነበረም።

ሁለቱን አጣምሮ መያዝስ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቱ ሥልጠናውንና የለጋሹን ገንዘብ ይዞ፣ ኩባንያው ደግሞ ምርትና ሽያጩን ይዞ፣ ድርጅቱ የኩባንያው ባለድርሻ ሊሆን ይችላል። ለትልቅ ሥራ ጥሩ መዋቅር ነው። ለኩባንያው አንድ ተጨማሪ መንገድም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ነገር ግን ሁለት ድርጅት ማለት ሁለት ኦዲት፣ ሁለት ሪፖርት፣ ሁለት ቦርድና በመካከላቸው በግልጽ የተጻፈ የአገልግሎት ውል ማለት ነው። የዓመት ሽያጩ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ለማኖር የማይበቃ ቡድን በአንዱ ይጀምር፤ ሁለተኛውን ሲያድግ ይጨምር።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ዓላማውን በሰነዱ ውስጥ ይቆልፉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ሰው ግን ከኮምፒውተር ቤት የተገለበጠ መመሥረቻ ጽሑፍ ስሙን ብቻ ቀይሮ ስለሚያስፈርም ጨርሶ አይደርስበትም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጽሑፍ ለአስመጪና ላኪ የተጻፈ ነው። የእናንተው ውስጥ ቢያንስ የሚከተሉት ጉዳዮች መግባት አለባቸው።

የዓላማ አንቀጹ የንግዱን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውን የኅብረተሰብ ክፍል በስም ይጥራ፤ «ከሰል ማምረትና መሸጥ» ከማለት ይልቅ «እንጨት በመልቀም ለሚተዳደሩ ሴቶች ቋሚ ሥራ በመስጠት ከቡና ገለፈት ከሰል ማምረትና መሸጥ» ይበል። የትርፍ አንቀጹ ከየዓመቱ ትርፍ ምን ያህል በመቶ ለዓላማው ወይም ለሥራው መስፋፋት እንደሚቀር፣ ለአባላት የሚከፋፈለውም ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ ይወስን። ቁጥሩን ስትወስኑ መኖር እንደሚያስፈልጋችሁ አትርሱ፤ የማይከበር ከፍተኛ ቁጥር ከሚከበር መጠነኛ ቁጥር የከፋ ነው።

ቀጥሎ እነዚህ ሁለት አንቀጾች የሚሻሻሉበትን የድምፅ ብዛት ከተለመደው ከፍ ያድርጉት። የበለጠ ጥንካሬ ከተፈለገ መሠረታዊ ለውጥን ለማገድ የሚበቃ ድርሻ ዓላማውን ለሚደግፍ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መስጠት ይቻላል፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርሻ መያዝን ስለፈቀደ በዚህ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ከዚያም የመውጫ አንቀጹ ይጻፍ፦ የሚወጣ አባል ድርሻውን በመጀመሪያ ለማን ያቀርባል፣ ዋጋው በማን ይገመታል፣ ክፍያው በስንት ወር ይጠናቀቃል፣ የሟች ወራሽ አባል ይሆናል ወይስ ዋጋውን ብቻ ይወስዳል? ባለ አንድ አባል ማኅበር የሚያቋቁም ሰውም እሱ ቢሞት ሥራውን የሚረከበው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጥ። በገንዘብ ሳይሆን በማሽን ወይም በዕቃ የሚያዋጣ ካለ ዋጋው ተገምቶ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይግባ፤ ጉልበቱንና እውቀቱን የሚሰጠው ሰው ደግሞ በደመወዝ ውል ይቀጠር እንጂ «ድርሻህ አለ» በሚል ቃል ብቻ አይያዝ።

ጅማ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ እንደመሆኗ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ረቂቁን በአማርኛ ካዘጋጃችሁ ጥሩ ተርጓሚ ፈልጉ፤ ከዚያም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው አንቀጽ በአንቀጽ ያስተያይ። በተለይ «ድርሻ»፣ «ትርፍ» እና «ኃላፊነት» የሚሉት ቃላት በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ አንድ ነገር ማለታቸውን ያረጋግጡ። ሰነዱን የሚያረቅ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለ ቢያንስ ሰባተኛውን ደረጃ ብቻ ለጠበቃ ከፍለው ያሳዩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ስላለው ነፃ የሕግ ምክር የሚገኝበት ሁኔታ ካለ እዚያም ይጠይቁ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ይመዝገቡ

ለንግድ ማኅበር ምዝገባውን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው ነው። ሥራው የሚጀምረው ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን ከማጣራት ነው፤ ስለዚህ ሦስት አማራጭ ስሞች ይዘው ይሂዱ። ከዚያ መሥራቾቹ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይፈርማሉ፤ ጽሑፉም ይረጋገጣል። የሥራ አስኪያጁ ሹመት በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ካፒታሉ በገንዘብ የሚዋጣ ከሆነ የባንክ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል የማኅበሩን ሒሳብ አስቀድሞ ማስከፈት ይጠቅማል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው በንግድ መዝገብ ሲገባ ነው። የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ልብ ይበሉ፦ የመጀመሪያው መወለድ ነው፣ ሁለተኛው ሥራ ለመሥራት መፈቀድ። እንደ ምግብ ማቀነባበርና ጤና ባሉ ዘርፎች ፈቃዱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ካልቀረበ አይሰጥም። ከዚህ ሂደት ብዙው ዛሬ በመንግሥት የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ድረ ገጽ በኢትሬድ ሊጀመር ይችላል፤ ሆኖም ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቀን እንዳይቆሙ የእያንዳንዱን ሰነድ ሁለት ቅጂ በወረቀት ይያዙ።

ከምዝገባው በፊት በመሥራቾች ስም የተፈረመ የቤት ኪራይ ወይም የማሽን ግዥ ውል ካለ፣ ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ይረከበው። ይህ ካልተደረገ ዕዳው በፈራሚው ግለሰብ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ከምዝገባው በኋላ ያሉትን ቀናት ይመዝግቡ

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን እስከ ጥቅምት 30 አሳውቀው ይከፍላሉ፤ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። የቡና መልቀሚያው ወቅት በአካባቢያችን ከመስከረም ወር ገደማ ጀምሮ ስለሚገባ፣ የገለፈት ግዥው፣ ግብሩና የፈቃድ እድሳቱ በአንድ ላይ እንደሚደራረቡ ከሰኔ ወር ጀምሮ አስቡበት፤ ለግብሩ የሚሆነውንም ገንዘብ ከገለፈት መግዣው ለይታችሁ አስቀምጡ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ለየመዝጋቢያቸው የሚያቀርቡት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት አለ፤ የማቅረቢያውን ቀን የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን በሚቀበሉበት ዕለት ጠይቀው ከወረቀቱ ጋር ይጻፉት።

በአንደኛው ደረጃ የፈረማችሁባት ገጽ ከመመሥረቻ ጽሑፉ ጋር በአንድ ፋይል ትቀመጥ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አውጥታችሁ አራቱን መልሶች በዓመቱ ሒሳብ ፊት አንብቡ፤ ገንዘቡ ከታሰበው ሌላ ምንጭ መምጣት ከጀመረ ወይም እናቶቹ ባለቤትነት መጠየቅ ከጀመሩ፣ ዓይነቱን ስለመቀየር መነጋገር ያለባችሁ በዚያው ስብሰባ ነው። የንግድ ሕጉ አንዱ የንግድ ማኅበር ወደ ሌላ ዓይነት የንግድ ማኅበር እንዲለወጥ ይፈቅዳል። ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ንብረት ይዞ ወደ ግል ማኅበር መሻገር ግን አይቻልም፤ በዚያ አቅጣጫ መሄድ ካስፈለገ አዲስ ማኅበር ከባዶ ይቋቋማል።